የደም ስብ መቀነሻ ኪኒን እንዴት ይወሰዳል?

ሐኪም መርምሮት «ደምህ ውስጥ ስብ በዝቷል» ተብሎ ኪኒን የታዘዘለት ሰው በአካባቢያችሁ ሳይኖር አይቀርም። ምናልባት ያ ሰው እናንተው ራሳችሁ ናችሁ። ወይም አባታችሁ ናቸው፤ ወይም ለሌላ ሕመም ከተማ ሄደው ደማቸው የተመረመረ አክስታችሁ ናቸው።

ይህ ኪኒን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ራሳችንን አሞን ኪኒን ስንውጥ ሕመሙ ሲለቀን ይታወቀናል። የወባ መድኃኒት ስንወስድ ትኩሳቱ ሲበርድ እናውቃለን። የደም ስብ ግን ሲበዛም አይታወቅ፣ ሲቀንስም አይታወቅ። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው አንድ ወር ይውጥና «ኧረ ምንም አላደረገልኝም!» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ «ለእሱ ከሆነ ለእኔም ይሆናል» ብሎ ከጎረቤቱ ተበድሮ ይውጣል። ሁለቱም ይጎዳሉ። እንዴት? እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ኮሌስትሮል የሚባለው ነገር እንደ ሰም ያለ ስብ ነው። ሰውነታችን ያለ እሱ አይኖርም። አብዛኛውን የሚሠራው ጉበታችን ራሱ ነው፤ የቀረው ከሥጋ፣ ከቅቤ፣ ከእንቁላል ይመጣል። ችግሩ ሲበዛ ነው። ውኃ የሚሄድበትን የመስኖ ቦይ አስቡ። ደለል ቀስ በቀስ ሲሞላው ውኃው እየቀጠነ ይሄዳል። በደም ሥርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ስቡ የሚጠራቀመው በመንገዱ መካከል ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ መሆኑ ነው። ዓመታት አልፈው አንድ ቀን ግድግዳው ይሰነጠቃል። በተሰነጠቀበት ላይ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። የተዘጋው ወደ ልብ የሚሄደው እንደሆነ ሰውየው ደረቱን ይዞ ይወድቃል። ወደ አንጎል የሚሄደው እንደሆነ ግማሽ አካሉ ይሰንፋል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል። ይህን ስትሮክ ይሉታል።

ትራይግሊሰራይድ ደግሞ ሌላው የደም ስብ ነው። ከበላነውና ከጠጣነው የተረፈው ኃይል በስብ መልክ ሲቀመጥ ነው ይህ ስም የሚሰጠው። ጎተራ እንደማለት ነው። ስኳር ሲበዛ፣ አረቄና ጠላ ሲደጋገም፣ የስኳር በሽታ ሳይታከም ሲቀር ጎተራው ሞልቶ ይፈስሳል።

በምርመራ ወረቀቱ ላይ ቁጥሮች ታያላችሁ። አሁን ቁጥር ማንበብ ችላችኋልና አንብቧቸው። ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከ200 በታች፣ ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች ቢሆን ጥሩ ነው ይባላል። ትራይግሊሰራይድ ከ500 ሲያልፍ ግን ሐኪሙ ይቸኩላል፤ ከ1,000 ካለፈ ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት በድንገት ሊያብጥ ይችላልና። ይህ ሲሆን ከሆድ በላይኛው በኩል የሚጀምር፣ ወደ ጀርባ የሚወጋ ብርቱ ሕመምና ማስመለስ ይመጣል። በጨጓራ መድኃኒት የሚታለፍ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ያስሮጣል።

ለምርመራ ስትሄዱ «ሳትበላ ና» ከተባላችሁ እንደተባላችሁት አድርጉ። ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይበሉ መቆየት ነው፤ ንጹሕ ውኃ መጠጣት አይከለከልም። ሠርግ ውሎ በማግሥቱ የተመረመረ ሰው ትራይግሊሰራይዱ ከወትሮው ሊበልጥ ይችላል።

አንዳንዱ ሰው «ይህ የወፍራምና የከተሜ በሽታ ነው፤ እኔ ሳርስ የምውል ቀጭን ሰው ነኝ» ይላል። እርግጥ ነው ሥራ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ኮሌስትሮል በዘር የሚወርድበት ቤተሰብ አለ፤ ቀጭኑም ይይዘዋል። በሌላ በኩል ሐኪም ኪኒን የሚያዝዘው የስቡን ቁጥር ብቻ አይቶ አይደለም። ዕድሜን ያያል፣ የደም ግፊትን፣ ስኳርን፣ ሲጋራ ማጨስን፣ ከዚህ በፊት የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ መኖሩን ያያል። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ቁጥር ይዘው ቢመጡ ለአንዱ ኪኒን ይታዘዝለታል፤ ሌላው «ምግብህን አስተካክል፣ ከ3 ወር በኋላ ተመለስ» ይባላል። አድልዎ አይደለም።

ከሻጋታ የተገኘ መድኃኒት

ለኮሌስትሮል በብዛት የሚታዘዙት ኪኒኖች ስታቲን ይባላሉ። አመጣጣቸው ገበሬን ደስ የሚያሰኝ ነው። አኪራ ኤንዶ የሚባሉ ጃፓናዊ ነበሩ። በሰሜን ጃፓን ከገበሬ ቤተሰብ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ በእ.ኤ.አ. 2024 ዓ.ም. አረፉ። እኒህ ሰው «ሻጋታ ከጠላቶቹ የሚከላከልበት ነገር ያመነጫል፤ ከዚያ ውስጥ ኮሌስትሮል መሥራትን የሚገታ አይጠፋም» ብለው ከ6,000 በላይ የሻጋታ ዓይነቶችን መረመሩ። በእ.ኤ.አ. 1973 ዓ.ም. በሩዝ ላይ ከበቀለ ሻጋታ የፈለጉትን አገኙ። ከዚያ በኋላ የመጡት ስታቲኖች ሁሉ የዚያ ግኝት ልጆች ናቸው። (ሻጋታ እህል ብሉ ማለታችን ግን አይደለም! የሻገተ እህል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ይይዛል።)

ሥራቸው ይህ ነው፤ ጉበት ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ይገቱታል። ጉበቱም ሲያጣ ጊዜ ከደም ውስጥ ይስባል። ደሙ እየጠራ ይሄዳል።

ይጠቅማሉ ወይ? በእ.ኤ.አ. 1994 ዓ.ም. ውጤቱ የታወቀ ትልቅ ጥናት ነበር። በሰሜን አውሮፓ፣ በዴንማርክ፣ በፊንላንድ፣ በአይስላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን የተደረገ ነው። ቀድሞ የልብ ሕመም የነበረባቸው 4,444 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሲምቫስታቲን ዋጡ፤ ግማሾቹ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ፣ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ዋጡ። ከአምስት ዓመት በላይ ተጠበቁ። መድኃኒት ካልነበረው ክፍል ከየ100ው 12 ሰዎች ሞቱ፤ መድኃኒቱን ከወሰደው ክፍል ግን ከየ100ው 8። ልብ በሉ! የዳኑት ሰዎች «እኔ ዳንኩ» ብለው ሊናገሩ አይችሉም፤ ማን እንደሆኑ አይታወቅማ። ጥቅሙ የሚታየው በቆጠራ ነው። እኛም ሰውነታችንን እያዳመጥን «ሠርቷል፣ አልሠራም» ማለት የማንችለው ለዚህ ነው።

በሰብል ወራት ማማ ላይ ጠባቂ እናቆማለን። ጠባቂው ሲጮህ ጦጣና ዝንጀሮ ይሸሻሉ። «እንግዲህ ጦጣ የለም፤ ጠባቂው ይውረድ» የሚል ገበሬ አለ? ከወረደ በማግሥቱ ይመለሳሉ። ኪኒኑም እንደዚሁ ነው። ምርመራው «ቁጥርህ ወርዷል» ሲል መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው እንጂ በሽታው ተነቅሏል ማለት አይደለም። ሲተዉት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪሙ «ተው» እስካላለ ድረስ አይተውም፤ ለብዙዎች የዕድሜ ልክ ነው።

እንዴት ይዋጣል?

በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ የተለመደ ሰዓት ይዞ። ሲምቫስታቲን ማታ ቢዋጥ ይመረጣል፤ ጉበት ኮሌስትሮልን አብዝቶ የሚሠራው ሌሊት ስለሆነና የመድኃኒቱም ጉልበት ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ግን በፈለጉት ሰዓት፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳሉ። እንግዲህ ጾመኛ ሁሉ ደስ ይበለው! እስከ 9 ሰዓት ለሚጾመውም፣ በረመዳን ጀምበር እስክትጠልቅ ለሚጾመውም ከእራት በኋላ መዋጥ ይቻላል። ይህን የምንለው ግን ስለ ደም ስብ ኪኒን ብቻ ነው። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ጾመኛ ሰዓቱን በራሱ ቢቀያይር ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል፤ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

አንድ ቀን ቢረሳስ? ሲያስታውሱ መዋጥ ነው። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ትቶ የዕለቱን ብቻ መዋጥ። ለካሣ ብሎ ሁለት መዋጥ የለም።

አሁን ማንበብ የሚጠቅምበት ቦታ ላይ ደረስን። በካርቶኑ ላይ ከስሙ ቀጥሎ 10፣ 20፣ 40 ወይም 80 የሚል ቁጥር አለ። ይህ የመድኃኒቱ ብርታት ነው። ባለፈው ወር 20 ከነበረና ዘንድሮ 40 ከተሰጣችሁ «ለምን ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ አስቦበት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት ቤቱ የቀድሞውን አጥቶ ሊሆንም ይችላል። ደግሞም አንዱ መድኃኒት በየፋብሪካው ልዩ ልዩ የንግድ ስም ይወጣለታል። ካርቶኑ ቀይ የነበረው ሰማያዊ ይሆናል። በዚህ የተነሣ አንዱን ኪኒን ከሁለት ሐኪም በሁለት ስም ተቀብሎ ሁለቱንም የሚውጥ ሰው አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከንግድ ስሙ በታች በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ትክክለኛ ስም መድኃኒት ሰጪው እንዲያሳያችሁ ማድረግ፣ በአማርኛ ደብተራችሁ ላይ ጽፎ መያዝ። መጨረሻው «ስታቲን» ከሆነ ከዚያው ቤተሰብ ነው። የማይገባበትም አለ፤ ለምሳሌ ኒስታቲን የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ስሙ ይመሳሰል እንጂ ዘመድ አይደለም።

ለትራይግሊሰራይድ በተለይ የሚታዘዙት ፌኖፋይብሬትና ጄምፋይብሮዚል ሌላ ወገን ናቸው። ፌኖፋይብሬት ብዙውን ጊዜ ከምግብ ጋር ነው። ጄምፋይብሮዚል ከቁርስና ከእራት ግማሽ ሰዓት በፊት፣ በቀን ሁለቴ ነው። የሐሞት ጠጠር ያለበት፣ ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው እነዚህን አይወስድም።

ከምን ጋር አይዋጣም?

ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ስታቲን ብቻውን ሲሆን ለአብዛኛው ሰው የዋህ መድኃኒት ነው። ከማይስማማው ጋር ሲገናኝ ነው የሚከፋው። አንዳንዱ መድኃኒት ጉበት ስታቲኑን እንዳያወጣው መንገዱን ይዘጋበታል። ያኔ አንድ ፍሬ የዋጠ ሰው ደሙ ውስጥ የብዙ ፍሬ ያህል ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ጡንቻን ያፈርሳል፤ የፈረሰው ጡንቻ ኩላሊትን ይደፍናል።

ይህ በወሬ የሚባል አይደለም። ሴሪቫስታቲን የሚባል ስታቲን ነበር። በእ.ኤ.አ. 2001 ዓ.ም. ከገበያ ወጥቶ ቀረ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ብቻ ጡንቻቸው ፈርሶ የሞቱ 31 ሰዎች ተመዝግበው ነበር፤ ከእነሱ ውስጥ 12ቱ አሁን ከላይ የጠራነውን ጄምፋይብሮዚልን አብረው የወሰዱ ነበሩ። ዛሬም ቢሆን ጄምፋይብሮዚልና ሲምቫስታቲን አንድ ላይ አይወሰዱም። ሐኪሙ ሁለቱንም ስብ ለመቀነስ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ካስፈለገው የሚመርጠው ፌኖፋይብሬትን ነው፤ እሱንም እየተከታተለ።

ሌሎችም አሉ። ለሳንባና ለጨጓራ ሕመም የሚታዘዘው ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ለፈንገስ የሚዋጡት ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል ከሲምቫስታቲን ጋር አይሄዱም። አምሎዲፒን የሚባለው በአገራችን በብዛት የሚታዘዝ የደም ግፊት ኪኒን ነው፤ እሱን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲን ከ20 መብለጥ የለበትም። ሪቶናቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲንን ጨርሶ አይነካም፤ ሌላ ይመረጥለታል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው የስታቲኑን ጉልበት ይበላዋል። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደም ስብ ኪኒን ሲጀምር ደም መፍሰስ እንዳይገጥመው በቶሎ መመርመር አለበት። ከፍራፍሬ ወገን ግሬፕፍሩት የሚባለው፣ ከብርቱካን የሚተልቀው መረር ያለ ፍሬ ክፉኛ ይጋጫል። ሎሚ አይከለከልም።

ይህን ሁሉ ስም በቃል ያዙ አንልም። ማንም አይዘውም። የምንለው፣ ለጉንፋንም ይሁን ለሌላ ሕመም አዲስ መድኃኒት ሲሰጣችሁ «እኔ የደም ስብ ኪኒን እወስዳለሁ፤ ስሙ ይኸውና» በሉ። ሰባት ወይም አሥር ቀን ለሚወሰድ መድኃኒት ሲባል ሐኪሙ ስታቲኑን ለጥቂት ቀን ሊያስቆመው ይችላል። የባሕል መድኃኒትም አይደበቅ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ሽፈራውን በወጥና በሻይ መልክ መብላቱ ባይከፋም፣ ተቀምሞ በብዛት የሚጠጣ ነገር ከኪኒኑ ጋር ምን እንደሚያደርግ የሚመዝን የለም። አረቄ ግን ግልጽ ነው፤ ጉበትንም ይጎዳል፣ ትራይግሊሰራይድንም ያንራል። ኪኒኑ ወደ ታች ሲስብ አረቄው ወደ ላይ ይጎትታል።

ነፍሰ ጡር ሴት፣ የምታጠባ እናት፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ የጉበት ሕመምተኛ ስታቲን አይወስዱም። ኪኒኑን የምትወስድ ሴት ልጅ ለመውለድ ካሰበች ወይም የወር አበባዋ ከቀረ ሳትውል ሳታድር ለጤና ባለሙያ ትንገር። ከጎረቤት የመበደር ጣጣ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። አበዳሪዋ አማት የ60 ዓመት ናቸው፤ ተበዳሪዋ ምራት እርጉዝ ናት።

ምልክቱን እንዴት እንለየው?

ገበሬ ጡንቻው ቢያመው አይገርምም። ሲያርስ፣ ሲያጭድ ውሎ ትከሻው ቢሰብረው በዕረፍት ይለቀዋል። ከመድኃኒቱ የሚመጣው ሕመም ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጎን እኩል ይይዛል፤ ጭንን፣ ባትን፣ ትከሻን። ያለ ሥራ ይመጣል፤ በዕረፍትም አይለቅ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ ከፍ በተደረገ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ይሁንና ስታቲን እየወሰዱ ጡንቻዬን አመመኝ ከሚሉት ውስጥ ምክንያቱ ሌላ የሆነው ይበዛል። ስለዚህ ቀለል ያለ ሕመም ከሆነ በራሳችሁ ከማቆም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተናገሩ። መጠን ይቀንሱላችኋል፣ ወይም በሌላ ይለውጡላችኋል፤ አንዱ ያልተስማማው ሰው ሌላው ይስማማዋል።

ነገር ግን ጡንቻው በብርቱ ካመመ፣ ከተቀመጡበት መነሣት ካቃተ፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ያን ዕለት ኪኒኑን አትዋጡ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ድረሱ። ዓይን ቢጫ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ይህ በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ ግን ለአንድ ሌሊት አይቆይም። በተለይ በዕድሜ የገፉ፣ ሰውነታቸው አነስተኛ የሆነ፣ ኩላሊታቸው የደከመ፣ የእንቅርት ዕጢያቸው ሥራ የቀዘቀዘ ሰዎች ይጠንቀቁ።

ስታቲን የደም ስኳርን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ይህን ሰምቶ የስኳር ሕመምተኛ ኪኒኑን ይተወዋል። ስሕተት ነው። ልቡን ከአደጋ ለመጠበቅ ከሌላው ይልቅ የሚፈልገው እሱ ነው፤ ስኳሩን እየተለካ ይቀጥል።

ኪኒኑ ከተጀመረ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ደም እንደገና ይመረመራል። ቀጠሮው በአጨዳ ወቅት ቢወድቅ አስቀድማችሁ ንገሩና ይዛወርላችሁ እንጂ አትቅሩ። ያ ምርመራ ከሌለ ሐኪሙም እናንተም በጨለማ ትሄዳላችሁ።

ምግብ አይዘንጋ። ኪኒን ዋጥኩ ብሎ ቅቤ በቅቤ ላይ መጨመር የለም። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ኮሌስትሮልን የሚያንር ስብ ነው። የኑግ፣ የሱፍ፣ የሰሊጥ ዘይት ይሻላል። ባቄላው፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ እቤታችን ነው ያለው።

የመጨረሻው ነገር ስለ አቀማመጥ ነው። ኪኒን ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ አይቀመጥም፤ ሙቀቱና ጢሱ ያበላሸዋል። መስኮት ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ከማሸጊያው አታውጡት፤ የሚያልቅበት ቀንና ዓመት እዚያው ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። ሙሉው አልቆ መድኃኒት ቤት ከምትሄዱ 10 ፍሬ ሲቀር ሂዱ፤ ዕለቱን መድኃኒቱ ቢጠፋ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ለመመለስ ጊዜ ይኖራችኋል። ሲሄዱም የጤና መድን ደብተሩንና ባዶውን ካርቶን በአንድ ጨርቅ ቋጥሮ መያዝ ነው።